ለሞያ ነው

የዚያን ዕለት ጠዋት ወንድሜ የብርጭቆውን ትሪ ከእጄ ነጠቀኝ። ገና ምንም አልሰበርኩም ነበር።

«ብርጭቆ አንተን ሲያይ ራሱን ነው የሚወረውረው» አለኝ። «ስጠኝ ባክህ። ኢንጂነር፣ አንተ ሂድና ቧንቧህን አጥብቅ።»

ቁርስ የሚበሉት ደንበኞች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ስለ እጄ ሁልጊዜ የሚለው ነገር ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ሁሉ በእኔ ነው የሚሳበበው፤ አንዳንዱን የሰበረው ራሱ እንደነበረ አሁንም እጠረጥራለሁ።

ያ የመጨረሻው ተራ ቀን ነበር። በኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ አንድ የተለየ ነገር፣ አንድ ምልክት ባገኝበት ብዬ። የለበትም። ጀነሬተሩ እንደ ልማዱ አስቸገረ። ፉሉ ትንሽ አረረ። አክስቴ ወጥ ቤት ሆና ዘመረች። የውሃው መኪና በር ላይ ሲቆም «ሞያ መጣ!» ብላ ጮኸች፣ እኔና ወንድሜ ጀሪካኖቹን ይዘን ወጣን። ጁባ ያለን አበሾች እንደ ሀገሬው ውሃን ሞያ ማለት ለምደናል። ቃሉ በአማርኛ ሌላ ነገር መሆኑ ትዝ የሚለን ስንቀልድ ብቻ ነው።

ምግብ ቤቱ ኒምራ ታላታ ሰፈር ውስጥ ነው። የወንድሜ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር ከሀገር ቤት ያስመጣኝ እሱ ነው። ያኔ ለእናታችን «ሰው አደርገዋለሁ» አላት። ሰው ማድረግ ማለት ባንኮኒ ኋላ ማቆም መሆኑን እዚህ ስደርስ ነው ያወቅሁት።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። የውሃ ሥራ። ጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ ማውረድ፣ ቧንቧ መግጠም፣ የተበላሸውን አውጥቶ መጠገን። ለምን ይህን እንደፈለግሁ ብጠየቅ በደንብ መመለስ አልችልም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ግቢ የቆመ ፓምፕ ሲጠገን አየሁ። ደረቅ የነበረው ቧንቧ መጀመሪያ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ አስነጠሰ፤ ከዚያ ውሃው መጣ። በቃ። ያን ነገር በራሴ እጅ ማድረግ ፈለግሁ።

ጠጋኙን ሁሉም ሰው ኡስታዝ ይለዋል። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ግን በጦርነቱ ዘመን ኢትዮጵያ ነው ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ ይበልጥ የአዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ «አንቱ» ስለው ሳቀብኝ። «እዚህ አንቱ የለም። ኢታ ነው፤ አንተ በለኝ» አለኝ። ጁባ ና ባሪ የሚባል ሰፈር ወዳለው ግቢው ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ መማር ጀመርኩ።

«እዚያ ሞያ ሥራ ነው፣ እዚህ ሞያ ውሃ ነው» ይላል ኡስታዝ፣ ሰው በመጣ ቁጥር። «የኛ እንግዲህ ሞያ ታ ሞያ ነው። የውሃ ሞያ!» ራሱ ቀልዶ ራሱ ይስቃል። ሚስቱን ማማ እላታለሁ። አማርኛ አታውቅም፤ ይቺን ቃል ግን ከባሏ ይዛታለች። ሥራ ስጨርስ «ሞያ ኩወይስ?» ትለኛለች፣ ሞያው ደህና ነው ወይ ለማለት። ኩባያ ይዛልኝ ስትመጣም «ሞያ» ነው የምትለው። በዚያ ግቢ ቃሉ የቱን ማለት እንደሆነ የሚታወቀው እጇን በማየት ነበር።

ወንድሜ ነገሩን አልወደደውም። ግን አልከለከለኝም፤ የከፋውም ይኸው ነው። ቢከለክለኝ ተጣልቼ እወጣ ነበር። እሱ በጸሎት ያዘኝ።

«ጸልየህበታል?» አለኝ መጀመሪያ የነገርኩት ቀን።

«አዎ።»

«ጌታ ምን አለህ?»

«ምንም። ዝም አለ።»

«በል እንግዲህ አንተም ዝም በል።»

ንያኩሮን ሰፈር ባለው የቤት ኅብረታችን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቶ «ወንድሜ ልቡ እንዲረጋ ጸልዩልኝ» አለ። ሁሉም እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። በጸሎቱ መሃል ዓይኔን ገልጬ አየሁት። እሱም ዓይኑን ገልጦ እኔን እያየ ነበር። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን።

ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር። ልወጣ ስል ሰው በዛ ይለኛል፤ ዞር ብዬ ሳይ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ናቸው። የሥራ ሱሪዬ ከገመድ ላይ ይጠፋና ከእሱ አልጋ ሥር ይገኛል። «ነፋስ ነው» ይለኛል። ኡስታዝም አንድ ቀን ሳልጠብቀው «ወንድምህ ግን ተስማምቷል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ግን ከየት አምጥቶ ነው የጠየቀኝ? ማን አስጠየቀው? ይህን እያሰብኩ አንድ ቧንቧ አበላሸሁ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ጁባ ና ባሪ ስደርስ ኡስታዝ ሊወጣ ነበር። ከከተማ ውጭ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ፓምፕ ሊተከልለት ነው። «ከነገ ወዲያ ጠዋት መኪናው ይወጣል» አለኝ። «ሰው ያስፈልገኛል። ከሰዓት ከሰዓት የሚመጣ ሳይሆን የራሴ ሠራተኛ። ትወጣለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

«እወጣለሁ።»

«ከነገ ወዲያ መኪናው ላይ ካየሁህ አምንሃለሁ።»

ብቻዬን ቀረሁ። ከሸራው ጥላ ሥር ቧንቧውን በማሰሪያው፣ በሞርሳው ላይ አስሬ፣ ዘይት እያንጠባጠብኩ ጫፉ ላይ የማጋጠሚያ ጥርስ ማውጣት ጀመርኩ። አንድም ጥርስ አልተበላሸብኝም። ማማ ከበሩ በኩል መጣች። ባዶ እጇን ነበረች። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

«አኹ ታኪ ጃ» አለችኝ። ወንድምህ መጣ። በአገጯ ወደ በሩ አሳየችኝ፣ ሄዷል ለማለት። «አሻን ሞያ።»

ለሞያ። ስለ ሞያ። እጇን አየሁ፣ ኩባያ የለም። እንግዲህ የቱ ሞያ እንደሆነ ግልጽ ነው አልኩ። ስለ እኔ ሥራ ሊያወራ መጥቷል። እኔ እዚህ አጎንብሼ፣ የግቢው ጀነሬተር እየጮኸ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ሥራዬን ሊያፈርስ መጥቷል። ምን እንዳለ ልጠይቃት ፈለግሁ፣ ግን የእኔ ዓረቢኛ ያን ያህል አይሄድም። የእሷም ፈገግታ ከዚያ በኋላ አላማረኝም።

ማታ፣ ከራት በኋላ ደንበኞቹ ሲወጡ፣ ጠረጴዛ ሲወለውል ያዝኩት።

«ዛሬ ጁባ ና ባሪ ነበርክ?»

የያዘው ጨርቅ ቆመ። «ማን አለ?»

«ነበርክ ወይስ አልነበርክም?»

«ሽንኩርት ልገዛ በዚያ በኩል አልፌ ነበር።»

«ሽንኩርቱስ የታለ?»

«ውይ! ደግሞ ፖሊስ ሆንክልኝ? ኢንጂነርነቱ ቀረ?»

አክስቴ ከወጥ ቤት ሳቀች። እኔ ግን ጨርቁን እያየሁ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይወለውላል። ቦታው ንጹሕ ነው።

«ስለ ሞያዬ ምን ብለህ አወራህ?»

«የቱ ሞያ?» አለኝ።

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። የቱ ሞያ?» ቀና አለ። «ስማኝ። ሰውየው ከከተማ ሊያስወጣህ ነው አይደል? መንገድ ላይ ብትቀርብኝ ለእናታችን ምን እላታለሁ?»

ከከተማ እንደምወጣ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ኡስታዝ የነገረኝ ያን ዕለት ነው።

«ማን ነገረህ?»

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። «ከነገ ወዲያ ጠዋት እዚህ ባንኮኒ ኋላ ካላየሁህ…»

«ካላየኸኝስ?»

«ካላየሁህ እንግዲህ አላየሁህም» አለና ጀነሬተሩን ሊያጠፋ ወጣ።

ያቺን ንግግር ብዙ ጊዜ ገልብጫታለሁ። ዛቻ ነበረች? ወይስ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ ማለቱ ነው? የድምፁን ነገር ላስታውስ እሞክራለሁ። ጀነሬተሩ ይጮህ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ካለቀ በኋላ ሞተር ሳይክሉን አስነሳ። ለአክስቴ «መጣሁ» አላት። ለእኔ ምንም አላለኝም። ያን ዕለት ወደ ኡስታዝ እንዳልሄድ ሰው በዝቶ ነበር፣ በእውነት በዝቶ ነበር፤ ሆን ብሎ ጥሎኝ እንደወጣ ነው የቆጠርኩት።

ስልኩ ሲጮህ የእሱ ቁጥር ነው፣ ድምፁ ግን የሌላ ሰው። በዓረቢኛ ቶሎ ቶሎ ይናገራል። ሞተር የሚለውን ሰማሁ፣ ሆስፒታል የሚለውን ሰማሁ። ስደርስ አልቋል። የገጨው የጭነት መኪና ነው አሉ። ስለዚያ ክፍል ብዙ አልጽፍም። ጫማው አንዱ አልነበረም። የሚገርመው እኔ ስለ ጫማው ነው የጠየቅሁት።

ያመጣው የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂ ቦታውን ነገረኝ። ወደ ጁባ ና ባሪ የሚያስገባው መንገድ ላይ።

ከዚያ በላይ ምንም መስማት አልፈለግሁም። ገበያው በሌላ በኩል ነው። ኅብረታችን በሌላ በኩል ነው። በዚያ መንገድ ላይ ወንድሜ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር እኔ የምማርበት ግቢ ነው። የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ያቅፈኛል፣ እኔ ግን በውስጤ አንድ ነገር ነበር የምለው፦ ሊያስወጣኝ እየሄደ ነው የሞተው። ወንድምህ ሞቶ እንዲህ ማሰብ ምን እንደሆነ አላውቅም። አሰብኩት።

ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ድንኳን ተተከለ። ወንበሮቹ የራሳችን ወንበሮች ናቸው። የኅብረቱ ሰዎች መጥተው መዘመር ጀመሩ፤ በመዝሙሩ መሃል ግን ሹክሹክታ አለ። ምን ሊሠራ ሄደ? እዚያ ማን አለው? አክስቴ ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ንገረኝ ልጄ። ሴት አለችው እንዴ እዚያ?»

«የለችውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። እያወቅሁ።

ፊቴን አየችኝ። እሷም እኔን መጠርጠሯ ነው።

የኅብረታችን መሪ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አስከሬኑ ወረቀቱ ሲያልቅ ወደ ሀገር ቤት ይሄዳል። የእኔ ፓስፖርት ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ገብቷል፣ ስለዚህ አብራ የምትሄደው አክስቴ ናት። «ቤቱ እንግዲህ አንተ ላይ ነው» አሉኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ዝም አለኝ ትል ነበር አሉ። ይኸው፣ ጌታ በዚህ መንገድ ተናገረህ።»

«ማን ነው ትል ነበር ያለው?»

«እ?»

«ጌታ ዝም አለኝ ማለቴን ማን ነገረዎት?»

«ወንድምህ ነዋ። ስለ አንተ የማያወራበት ቀን አልነበረም።»

ምን እያለ፣ ብዬ ልጠይቃቸው ነበር። ሌላ ለቀስተኛ መጣና ተነሱ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ኡስታዝና ማማ መጡ። ማማ ገና ከመንገዱ ጀምራ ጮክ ብላ ነበር የምታለቅሰው፣ እንደ ሀገሯ። የኅብረቱ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ለሌላዋ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ ግን ገባኝ። ጁባ ና ባሪ የነበረችው ይቺ ናት ማለታቸው ነው። ማማ ደግሞ በዕድሜ እናታችንን ታህላለች።

አጠገቤ ተቀመጡ። ማማ እጄን ይዛ መናገር ጀመረች። ወንድሜን ታውቀዋለች። ያን ቀን ብቻ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ መጥቷል። ደጋግማ አንድ ቃል ትላለች። አሻን ሞያ። አሻን ሞያ።

«የቱ ሞያ?» አልኩ በአማርኛ። ከአፌ ሲወጣ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ።

ኡስታዝ ጠየቃት። እሷም እጇን አነሳች፤ ከዚያም ኩባያ እንደያዘ ሰው ወደ አፏ ወሰደችው።

«ውሃ» አለ ኡስታዝ። «ውሃ ሊጠጣ ነበር የሚመጣው ነው የምትለው።»

«ማን? ወንድሜ? ከኒምራ ታላታ ከተማውን አቋርጦ፣ ውሃ ሊጠጣ?»

እንደገና ጠየቃት። በር ላይ ይቆማል አለች። ኢታ ዴር ሹኑ፣ ምን ፈለግህ፣ ትለዋለች። እሱ ወደ ውስጥ ያያል። ከዚያ «ሞያ» ይላል። ወንበር ታወጣለታለች፣ ውሃ ታመጣለታለች። ቀስ ብሎ ይጠጣል። አንዳንዴም አይጨርሰውም፣ በር አጠገብ ያለችው የሎሚ ዛፍ ሥር ያፈሰዋል። አመስግኖ ይሄዳል። ትናንት ግቢ የቆመችውን መኪና አይቶ ወዴት ነው ብሎ በእጁ ጠየቃት፣ እሷም በእጇ ነገረችው። ሩቅ፣ ከከተማ ውጭ።

«አንተ አይተኸው ታውቃለህ?» አልኩት ኡስታዝን።

«አላየሁትም። እኔ በሌለሁበት ነው የሚመጣው።»

እኔ ግን ነበርኩ። ሁልጊዜ ነበርኩ፣ ከሸራው ጀርባ።

ተቀምጬ አሰብኩት። የወንድሜ ዓረቢኛ የገበያ ነው። ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይቀልዳል፤ «የወንድሜን ሞያ ጉዳይ ላነጋግር ነው የመጣሁት» ለማለት የሚሆን የለውም። ምናልባት ሊከስሰኝ መጣ። ኡስታዝን አጣው። የቻለውን ያህል አለ፦ ሞያ። እሷም ውሃ አመጣችለት። እሱ ደግሞ ኩራተኛ ነው፣ ተሳስተሻል አይልም፤ ተቀምጦ ጠጣ። እሺ፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ተመልሶ የመጣውስ? ውሃ እንደምትሰጠው እያወቀ ያንኑ ቃል ያለው?

ወይም ደግሞ ማማ ስታጽናናኝ ነው። ሰው ለለቅሶ ሲመጣ የሚያጽናና ነገር ይዞ ይመጣል። ይህንንም አሰብኩ።

ኡስታዝ ሲነሳ «ነገ ለቅሶህ ላይ ሁን» አለኝ። «ስለ ሥራው አታስብ። ሌላ ጊዜ አለ።»

ጁባ ውስጥ ቡክራ ያለህ ሰው፣ ነገ ያለህ ሰው፣ ነገ እንደማይሆን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። የኡስታዝ ሌላ ጊዜም እንደዚያ መሰለኝ። መኪናው ላይ ካየሁህ አምንሃለሁ ያለኝ ራሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ሳይመጣ ወጣሁ። የሥራ ሱሪዬን ስፈልግ ገመዱ ላይ አልነበረም። ከወንድሜ አልጋ ሥር አገኘሁት። ጉልበቱ ላይ የነበረው ቀዳዳ ተሰፍቷል። ማን ሰፋው? አክስቴ ልትሆን ትችላለች። አልጠየቅኳትም፣ እስካሁንም አልጠየቅኳትም።

ማማ ግቢ ትጠርግ ነበር። ስታየኝ መጥረጊያውን ጣለች። «ወንበሩ የቱ ጋ ነበር?» አልኳት፣ በእጄም በአፌም። ገባት። የፕላስቲኩን ወንበር አምጥታ ከሎሚዋ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ትንሽ አሰበችና ወደ ግራ ገፋችው። እዚያ። ተቀመጥኩ።

ማየት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ ምን እንደሚታይ።

ሞርሳው ያለው ከፀሐይ እንዲጠብቀን ከተወጠረው ሸራ ጀርባ ነው። ሸራው ዝቅ ይላል። ከወንበሩ ላይ ሆነህ የሚሠራውን ሰው ፊት አታይም። ኡስታዝ እኔ መኖሬን ሳያውቅ መጥቶ ሞርሳው ላይ ሥራ ሲጀምር እሱ መሆኑን ያወቅሁት በሳሉ ነው። ከሸራው በታች የሚታየው እጁ ብቻ ነበር። ሁለት እጅ፣ ቧንቧ፣ የሚንጠባጠብ ዘይት።

እንግዲህ ወንድሜ እዚህ ተቀምጦ ያየው እጄን ነው። እስክሳሳት ጠብቆ ይሁን፣ ወይ ሌላ፣ ወንበሩ አይናገርም። ቧንቧ ያበላሸሁ ቀን መጥቶ ከነበረ ደስ ብሎት ይሆናል። ያልተበላሸበትንም ቀን አይቶ ይሆናል። ትናንት ለምን እየተመለሰ እንደነበር አላውቅም። ለሞያ ነው። የቱ ሞያ?

ማማ ሳልጠይቃት ውሃ አመጣችልኝ። «ሞያ» አለችኝ። ጠጣሁ። ጨረስኩት።

ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት።

«የት ነህ አንተ ልጅ? ሰው እየመጣ ነው እኮ!»

ውሸት ልናገር አልፈለግሁም። እውነቱንም በስልክ መናገር አልቻልኩም።

«ለሞያ ወጥቼ ነው» አልኳት።

ከኋላዋ መዝሙር ይሰማል። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ጀሪካኑ ሁሉ ባዶ ነው፣ ለለቀስተኛ የሚሰጥ ጠብታ የለም። እኔ እኮ ማሰቢያም አጣሁ። ይዘህ ና።»

«እሺ» አልኳት።

ከሸራው ሥር ገባሁ። ኡስታዝ ቀና ብሎ አየኝ። «ለቅሶህ ላይ ሁን አላልኩህም?»

«ብለኸኛል።»

«ወገኖችህ እኔን ነው የሚሰድቡኝ።»

«ይሰድቡህ።»

የጥርስ ማውጫውን እጀታ ከእጁ ወሰድኩ። የቀረውን አወጣሁ፣ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ንጹሕ ነበር። ኡስታዝ ሌላውን ጫፍ ያዘልኝና ቧንቧዎቹን መኪናው ላይ አብረን ጫንን። ከዚያ ማማን ጀሪካኖቿን ለመንኳት፣ ከጉድጓዱ ሞላኋቸውና ከቧንቧዎቹ አጠገብ ደረደርኳቸው። ኡስታዝ ወገቡን ይዞ አየኝ። «ትምህርት ቤቱ ውሃ ያጣው ፓምፕ ስለሌለው ነው እንጂ በጀሪካን ልናደርስለት አይደለም» አለ።

«መጀመሪያ ኒምራ ታላታ እንለፍ። መንገዳችን ነው።»

መንገዳችን አልነበረም። እሱም ያውቃል። መሪውን ያዘ።

ቧንቧዎቹ ላይ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። አደጋው የደረሰበት ቦታ ጋ ስንደርስ ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅሁም። ሁሉም መንገድ ነው። አንዲት ሴት ማንጎ ደርድራ ትሸጣለች።

ድንኳኑ ፊት ስንቆም መዝሙሩ ቀጠለ፣ ግን ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። አንዱም ከእጄ አልወደቀም። የኅብረታችን መሪ ተነስተው ቧንቧዎቹን አዩ፣ ኡስታዝን አዩ፣ ዘይት የነካውን ሱሪዬን አዩ።

«ይህ መኪና ወዴት ነው?» አሉ።

አክስቴ ከወጥ ቤት ወጣች። ጀሪካኑን ከፍታ አሸተተች፤ ታንከር የሚያመጣው ውሃ ይሸታል፣ ይሄ አይሸትም። «ከየት ነው የቀዳኸው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ከሚጠጣበት።»

አልገባትም። ወይ ገብቷታል። ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም።

«ትመለሳለህ?»

«ማታ እመለሳለሁ።»

«እሱም መጣሁ ብሎኝ ነው የሄደው» አለች።

የመጨረሻውን ጀሪካን አንስቼ ባንኮኒው ኋላ፣ ወንድሜ ይቆምበት የነበረው ቦታ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወጥቼ መኪናው ላይ ወጣሁ።